የካላዛር ዕጣ

ከዳባት

ከዳባት የተነሳሁት የእህቴን ልጅ ደሴን ጎንደር ላሳክም ነው። መተማ ሰሊጥ ሊያጭድ ሄዶ ካላዛር የሚሉትን የቆላ በሽታ ይዞ ተመለሰ፤ ሆዱ አብጦ፣ እግሩ ሸንበቆ መስሎ። አስታማሚ ተብዬው እኔ ብሆንም ከመኪና ስንወርድ ክንዴን የያዘኝ እሱ ነው። አምባ ጊዮርጊስ ላይ የገብስ ቆሎ ገዛሁ፤ ጥርስ እንደሌለኝ ትዝ ያለኝ ከከፈልኩ በኋላ ነው።

ጎንደር

ሐኪሟ አዲስ መድኃኒት እየተጠና መሆኑን ነገረችን። የቆየው በየቀኑ የሚወጋ፣ መቀመጫ የሚያሳጣ መርፌ ነው፤ አዲሱ የሚዋጥ እንክብል። "ማን የቱን እንደሚያገኝ በዕጣ ነው የሚለየው፤ እኔም አልመርጥም" አለች። ደሴ ፈቅዶ ገባ፤ መርፌ ወጣበት። አጠገቡ ለተኛው፣ ከጠዳ ለመጣው ገበሬ ለሞላ እንክብሉ ደረሰው።

ጥቂት እንደተወጋ ደሴ፣ "አያ፣ በቃኝ። ቤቴ ልሙት" አለኝ።

እኔ ደግሞ የሰፈሬ የእቁብ ዳኛ ነኝ። በእኛ እቁብ ዕጣ የወጣለት ለባሰበት ይለቃል። ሞላን ጠጋ ብዬ ይህንኑ ለመንኩት።

"ምን ገዶኝ፣ አያ! ቆዳዬ የበሬ ነው፤ መርፌው ይታጠፋል እንጂ አይገባም" ብሎ ሳቀ።

በማግሥቱ እንክብሉን የዋጠ መስሎ ጉንጩ ውስጥ ደበቀው። ነርሷ ዞር ስትል ለደሴ አቀበለው። ደሴ ወደ አፉ ሲሰድ ተመልሳ ያዘችው።

ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ስናገር ሐኪሟ አልጮኸችም፤ ብትጮህብኝ በተሻለኝ። "አባቴ፣ እናንተ የምትለዋወጡት ከሆነ መድኃኒቱ መሥራቱን በምን እናውቃለን? ሁለቱ ተደርበው ልጁን ቢገድሉትስ?"

ሁለቱም ከጥናቱ ወጡ። እንክብሉ ደግሞ ከጥናቱ ውጪ ለማንም አይሰጥም፤ ደሴ በመርፌው ቀጠለ፤ ሞላም ወደ መርፌው ዞረ።

"ቆዳህ የበሬ አይደል" ብዬ ልቀልድ ሞከርኩ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

መመለሻ

ደሴ መርፌውን ጨርሶ ዳነ። ዘግይቶ የጀመረው ሞላ ሆስፒታል ቀረ። ስሰናበተው መቀመጥ አቅቶት በሆዱ ተኝቷል። ያን ቆሎ ከትራሱ ሥር ሸጎጥኩለት።

"ደሴ ዳነ?"

"ዳነ።"

"ሸጋ" አለ።

እስከ ዳባት ቀልድ አልመጣልኝም። ይህ የድሀ በሽታ ነው፤ መድኃኒት የሚፈልግለት ሰው ስንት ዘመን ጠፍቶ፣ ሲገኝ ደግሞ ከጥናቱ ሁለት ሰው የቀነስኩበት እኔ ሽማግሌው ነኝ።

እሁድ እቁባችን ተሰበሰበ። ዕጣ የወጣላት ሴት "ልቀቂ ሊለኝ ነው" ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። አንገቴን ደፍቼ ገንዘቡን ለራሷ ሰጠኋት።