የማይታጠፍ ጉልበት

ነገሩ የጀመረው በታኅሣሥ፣ ቅዳሜ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። አባቴ ከአዋሽ ከመጣበት አውቶቡስ ሰመራ ላይ ወረደና የመኪናውን በር ይዞ ቆመ። ጉልበቱ መንገድ ላይ አብጦ ስለነበር እስኪፍታታ እየጠበቀ ነበር። ለሚያየው ግን ከተማዋን ከላይ ሆኖ የሚቃኝ ይመስል ነበር።

በወጣትነቱ አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ ክለብ ተቀጥሮ ቅርጫት ኳስ ይጫወት ነበር። የግራ ጉልበቱ ጅማት ሲበጠስ የማደንዘዣ መርፌ ተወግቶ ጨዋታውን ጨረሰ። ከዚያ በኋላም ብዙ ጨዋታ እንዲሁ ጨረሰ። አሁን ደረጃ መውረድ ከመውጣት ይብስበታል፤ ዝቅ ያለ ነገር ላይ ከተቀመጠ ያለ ሰው እርዳታ አይነሳም። የድሮ ጓደኞቹ ሲደውሉ «ጉልበቶችህ እንዴት አደሩ?» ይሉታል። «አንዱ ተኝቷል፣ አንዱ እኔንም አላስተኛኝ» ይላል። የሚቀልደው ግን ከእነሱ ጋር ብቻ ነው። ለሌላ ሰው እንዳልናገር ከልጅነቴ ጀምሮ አስጠንቅቆኛል።

እናቴ ካረፈች ወዲህ አዋሽ ላይ ብቻውን ስለነበር ከእኔ ጋር እንዲኖር ለምኜ ነው ያመጣሁት። ቀን ቀን፣ ሙቀቱ አየሩን ሲያርገበግበው፣ እግሮቹ ከአልጋው ጫፍ አልፈው ይተኛል። አንዳንዴ ቁርጭምጭሚቱ ብድግ ይላል። በሕልሙ የሚዘል ይመስለኛል። እንዳላነቃው ትንፋሼን እይዛለሁ።

አከራዬ አፋር ሽማግሌ ናቸው። ከሰዓት በኋላ በግቢው በር ሰሌን አንጥፈው ይቀመጣሉ፤ የመጣው ሁሉ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ ያየውንና የሰማውን ይነግራቸዋል፣ እሳቸውም ይነግሩታል። ዳጉ ይሉታል። አባቴ ግን ቆሞ «እንዴት ዋሉ» ይልና ያልፋል። ውሎ ሲያድር ሽማግሌው መልስ መስጠት ተዉ። አባቴም ሻንጣውን አልጋው ላይ አወጣ።

«እዚህ ሰው አልወደደኝም፤ ሰኞ እመለሳለሁ» አለኝ።

ዓርብ ከቢሮ ስመለስ ሽማግሌው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ አባትሽ ምን ወሬ ደብቋል?»

«ምንም አባባ።»

«ዳጉ የሚሸሽ ሰው ወይ መርዶ ይዟል፣ ወይ ንቆናል። ወላሂ፣ የትኛው እንደሚሻል አላወቅኩም።»

እኔ ሰው ፊት ስናገር ቃላቱ ይደራረቡብኛል። አባቴ ውስጥ ተኝቷል። ሻንጣውን አሰብኩ።

«አልናቀም» አልኩ። «ከተቀመጠ መነሳት አይችልም። ጉልበቱ ነው፤ ከኳስ የመጣ።»

ቀና ብለው መስኮታችንን አዩ።

«ግመልም ጉልበቷ ሲታመም አትንበረከክም» አሉ። «ቆማ ታድራለች። ናቀችን ብለን አናውቅም።»

መሬቱን ተደግፈው ተነሱና ወደ መስኮታችን ሄዱ። «አንተ ረጅም፣ ውጣ።»

አባቴ ወጣ። እኔን አየኝ፤ መናገሬ ገባው። ሽማግሌው አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ቆሙ።

«ምን አየህ? ምን ሰማህ?»

አባቴ የበሩን መቃን ያዘ። «ስመጣ አዳይቱ አካባቢ ዝናብ ጥሎ ነበር። ሳር ብቅ ብቅ ብሏል» አለ።

«ይህን ሁሉ ቀን ሳር ደብቀኸኛል ማለት ነው። አሮጌ ወሬ ሆኗል፤ ግን ቀጥል።»

ቀጠለ። በየት በኩል እንደዘነበ፣ የማን መንጋ ወደ የት እንደተነዳ ተጠየቀ፤ ያላየውን አላየሁም አለ። ብርሃኑ ቀላ፤ ረጅሙና አጭሩ ጥላ በግቢው አፈር ላይ አብረው ተዘረጉ። የቆሙት መሬት ላይ ሳይሆን ከመሬቱ ትንሽ ከፍ ብለው ይመስለኝ ነበር። በመጨረሻ ሽማግሌው ግድግዳ ተደግፈው፣ «አሁን እኔ ደከመኝ፤ ነገ ትጨርስልኛለህ» አሉት።

አባቴ እጁን ሲታጠብ፣ «በመስኮቱ ሰማሁ፤ ግመል አሉኝ አይደል?» አለኝ።

«አዎ አባዬ።»

ሳቀ። ሻንጣውን ከአልጋው ላይ አወረደና ሸሚዞቹን መልሶ ሰቀላቸው።

በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ ይዤ ሎጊያ ሄድኩ። ከጋራዦቹ አጠገብ ያለውን በያጅ አግዳሚ ወንበር እንዲሠራልኝ ጠየቅኩት።

«ከፍታው ምን ያህል ይሁን?» አለኝ።

እጄን ከወገቤ ትንሽ ዝቅ አድርጌ አሳየሁት።

«ይሄ ወንበር ነው ጠረጴዛ?»

«ወንበር ነው፤ ለሁለት ሰው» አልኩት። ከመበየጃው ጩኸት የተነሳ ስላልሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩለት።