ጳጉሜን የረሳው ፋይል

ሥራ የጀመርኩት ወልድያ፣ ከአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ፎቅ ላይ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቢሮ ነው። በመጀመሪያው ቀን አለቃዬ ኤፍሬም ላፕቶፕ ሰጠኝና «ይህ ፕሮጀክት ውስጥ ሰው ይጠፋል፤ እስከ ማታ ካልተመለስሽ ባጃጅ እልክልሻለሁ» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እስከ ምሳ ሰዓት አንዲት ፋይል ስፈልግ ቆየሁ።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። የጃቫስክሪፕት ፕሮግራም በብዙ ፋይሎች ተከፋፍሎ ይጻፋል። አንዱ ፋይል የጎደለውን ከሌላው በኢምፖርት ያስመጣል፤ ወንፊት ከጎረቤት እንደመዋስ ያለ ነገር ነው። ችግሩ የትኛው ጎረቤት እንደሆነ ማወቁ ላይ ነው። እኛ ደግሞ ረጅም አድራሻ መጻፍ ሰልችቶን ዋናውን ፎልደር በ@ ምልክት አሳጥረነው ነበር። ኮዱን የምንጽፍበት ትልቁ ኤዲተራችን ይህን ሁሉ ያውቃል፤ የፋይሉን ስም በማውስ ስትነኩት ፋይሉ ድረስ ይወስዳችኋል። ስለዚህ እኔ መንገዱን ሳላጠና ለዓመታት ተሳፋሪ ሆኜ ኖርኩ።

ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ ሥራችን ወደ መርሳ ተዛወረ። ደህና ደህናዎቹ ላፕቶፖች ከኤፍሬም ጋር ደሴ ሄዱ። እኔ አሮጌውን ታቅፌ በሚኒባስ ሲሪንቃን አልፌ መርሳ ገባሁ። ሥራዬ ያንኑ የቆየ ፕሮጀክታችንን፣ አሁን ተፈናቃዮች የሚመዘገቡበትን ፕሮግራም፣ መንከባከብ ነበር። ኔትወርክ የለም፤ መብራቱም ከጄኔሬተር ነው። አሮጌው ላፕቶፕ ላይ ያለው ኤዲተር ቪም ብቻ ሲሆን፣ ማውስ የማይወድ፣ ጥቁር ገጽ ብቻ የሚያሳይ ግትር ፍጥረት ነው። እንዴት እንደጠላሁት!

የምዝገባው ኃላፊ ጋሽ ሰይድ ነበሩ፤ ሐብሩ ውስጥ ለብዙ ዘመን ርዕሰ መምህር ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው። አንድ ጠዋት ከቆቦ የተፈናቀለች ብርቄ የምትባል እናት አስከትለው ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። አንድ ወር ያለፋት ሕፃን ታቅፋለች።

«አስናቁ፣ ይች ማሽንሽ የዚችን ልጅ አልቀበልም አለች» አሉኝ።

«ምን ብላ ነው ጋሼ?»

«ወሩ ስህተት ነው ብላ። ልጅቱ የጳጉሜ ናት።»

አጠገቤ የነበረው መዝጋቢ «መስከረም አንድ ብለን እንለፋት» አለ።

ብርቄ ቆጣ አለች። «ምነው ወንድሜ? ልጄ የተወለደችው ጳጉሜ ሦስት፣ በሩፋኤል ነው። ካርዷም የሚለው እሱን ነው።»

እውነቷን ነው። ለአራስ እናቶች የሚታደለው አልሚ ምግብ የሚሰጠው ዝርዝራችን ከጤና ጣቢያው ካርድ ጋር ሲገጥም ብቻ ነበር። ዝርዝሩ በዚያው ቀን አስር ሰዓት ላይ ይዘጋል። ከብርቄ ኋላ ደግሞ አምስት የጳጉሜ እናቶች ተሰልፈዋል።

ቀላል ነገር መሰለኝ። ወሮቹ የተዘረዘሩበትን ፋይል በስሙ ፈልጌ ከፈትኩት። አስራ ሦስቱም ወር አለ፤ ኤፍሬም ካስተካከለው ቆይቷል። ገጹ ግን እምቢ አለ። ፋይሉን ነካክቼ ፕሮግራሙን እንደገና አስነሳሁ፤ አሁንም እምቢ። እስከ ስድስት ሰዓት ይህንኑ ስደጋግም ቆየሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለእኔ ነው።

ጋሽ ሰይድ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። «አንቺ ልጅ፣ ተማሪ መልሱ ሲጠፋው መምህሩ ምን ይለዋል?»

«ጥያቄውን ደግመህ አንብብ።»

«እንግዲያ አንብቢያ!»

ያን ጊዜ ነው የመመዝገቢያው ገጽ ወሮቹን ከየት እንደሚያስመጣ አለማየቴን ያወቅሁት። ገጹን ከፈትኩ። አናቱ ላይ የኢምፖርት መስመሮች ተደርድረዋል፤ ሁሉም በ@ ይጀምራሉ። በቪም የፋይል ስም ላይ ቆማችሁ ጂ እና ኤፍን ስትጫኑ ወደ ፋይሉ ይዘላል ሲባል ሰምቼ ነበር። ተጫንኩ። ፋይሉ የለም አለኝ።

የምጠይቀው ኢንተርኔት የለም። ቪም ግን መመሪያውን ሆዱ ውስጥ ይዞት ይዞራል። ከፍቼ አነበብኩና ሦስት መስመር ጻፍኩለት። በመጀመሪያው መስመር @ የፋይል ስም አካል መሆኑን ነገርኩት። በሁለተኛው መስመር @ ካየ ዋናው ፎልደር ብሎ እንዲያነብ አዘዝኩት። በሦስተኛው ደግሞ የስሙ ጅራት፣ የፋይሉን ዓይነት የሚነግረው መጨረሻ፣ ከጎደለ የጃቫስክሪፕትን ጅራት እንዲቀጥል አልኩት። ተጫንኩ፤ አሁንም የለም። ለካ ኤዲተሩን ያስነሳሁት ከፕሮጀክቱ ውጭ ቆሜ ነው! የፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ ገብቼ እንደገና ከፈትኩት። ጂ፣ ኤፍ።

ዘለለ! እኔም ከወንበሬ አብሬው ዘለልኩ።

ከገጹ ወደ ቅጹ፣ ከቅጹ ወደ አንድ መገናኛ ፋይል፣ ከዚያ ደግሞ ኤፍሬም ካስተካከለው ጋር ስሙ አንድ የሆነ፣ ሌላ ፎልደር ውስጥ የተኛ ፋይል ላይ ወደቅሁ። አስራ ሁለት ወር ብቻ! ኤፍሬም አስተካክሎ ለብቻው ያስቀመጠው ፋይል፣ ገጹ ስለማያስመጣው፣ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆኖ ኖሯል። አናቱ ላይ የጻፈው ሰው ስም አለ፤ አስናቁ ይላል። ገና ጀማሪ ሳለሁ ከፈረንጅ ናሙና የቀዳሁት የራሴ ሥራ ነው።

ጋሽ ሰይድ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። «በአስራ ሦስት ወር አገር ተወልደሽ አስራ ሁለት ቆጠርሽ? ወላሂ፣ እኔ ባስተምርሽ ኖሮ ክፍል ትደግሚ ነበር!»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። አፈርኩ፤ ግን እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። የኢምፖርቱን መስመር ወደ ትክክለኛው ፋይል አዞርኩና አሮጌውን ሰረዝኩት። የብርቄ ልጅ ገባች። ብርቄ ጎንበስ ብላ ጳጉሜ 3 የሚለውን በጣቷ ነካችና «ይኸው ሩፋኤል!» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። አስር ሰዓት ሳይሞላ ስድስቱም ተመዘገቡ። ጋሽ ሰይድም «እስኪ ያችን ዝላይ ድገሚያት» እያሉ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

በኋላ ለኤፍሬም ስነግረው «አሮጌውን ያልሰረዝኩት እኔ ነኝ» አለ። ጥፋቱን ተካፈልነው።

አዲስ ባለሙያ ሲቀጠር አንድ ነገር እነግረዋለሁ። ፋይል ከማስተካከልህ በፊት ገጹ የሚያስመጣው ያንኑ ፋይል መሆኑን ኢምፖርቱን ተከትለህ እይ። እኔ ይህን ባለማድረጌ ስድስት አራሶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ቆመዋል።