ከቡናማው መጋረጃ ጀርባ

መጋረጃ ሰፊውን ጋሼ መጋረጃን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብል ውሸት ይሆናል። ስለ ሰው የሚጽፍ መጀመሪያ ሰውየውን ማወቅ አለበት ይባላል፤ እኔ የማውቀው ግን ሱቃቸውን፣ ድመታቸውንና የቀኝ እጃቸውን አውራ ጣት ነው። አውራ ጣታቸው በመርፌ ብዛት ጠንክሮ ጥፍሩና ሥጋው አይለይም። የቀረውን የነገረኝ ጎረቤታቸው ቁልፍ ሰሪው ነው። እሱ ደግሞ አንዱን ነገር ሦስት አድርጎ የሚያወራ ሰው ስለሆነ፣ ሁለቱን እየጣልኩ አንዱን ጽፌያለሁ። የጣልኩት እውነተኛው እንዳይሆን ብቻ እፈራለሁ።

ሱቁ ጠባብና ረጅም ነው። በአንድ በኩል የስፌት መኪናቸውና የመቁረጫው ጠረጴዛ አሉ። በሌላው በኩል ከጣሪያው ሥር በተዘረጋ ዘንግ ላይ ለናሙና የተሰቀሉ መጋረጃዎች ይታያሉ፤ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ግራጫ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ወፍራም ቡናማ። ከአንዳቸውም ጀርባ መስኮት የለም፤ ግድግዳ ነው። ይህን የማታውቀው ድመቷ ብቻ ናት።

ስሟ እመቤት ነው። ነጭ ሆና አንድ ጆሮዋ ጥቁር ነው። ጠዋት ጠዋት በሰማያዊው መጋረጃ ትገባለች፤ ስትወጣ የፊት እግሮቿን ታራግፋለች። በአረንጓዴው ገብታ ስትወጣ ሆዷ መሬት እስኪነካ ዝቅ ብላ፣ ዓይኗን አፍጥጣ፣ የማይታይ ነገር እያደነች ነው። በቡናማው ከገባች ግን ቶሎ አትወጣም፤ እዚያው ትተኛለች። ጋሼ መጋረጃ ይህን ሲያዩ ከርመው አንድ ቀን ለቁልፍ ሰሪው እንዲህ አሉት፤

«ይቺ ድመት ከየመጋረጃው ጀርባ አገር ያለ ይመስላታል። ከሰማያዊው ጀርባ ባሕር፣ ከአረንጓዴው ጀርባ ጫካ።»

«ከሰማያዊው ጀርባ ያለውማ የሚያፈስ ቧንቧህ ነው» አለ ቁልፍ ሰሪው። «አስጠግነው ብልህ አልሰማ ብለህ፣ ይኸው ባሕር ሆነልህ!»

«እሺ፣ ከቡናማውስ ጀርባ?»

«የዳቦ ቤቱ ምድጃ ነዋ! ግድግዳው ይሞቃል።»

«አየህ፣ ላንተ የሚታይህ ግድግዳ ነው። እሷ ግን እዚያ እናቷን ያገኘች ነው የሚመስላት» አሉና ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።

በዚያ ሰሞን ልጃቸው ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ወገቧን ታማ መንቀሳቀስ አቅቷት የቀዶ ጥገና ተራ ትጠብቃለች። የስድስት ዓመት ልጇም አያቷ ዘንድ መጥታ ነበር። ልጅቷን ከቅጥነቷ የተነሳ ሰፈሩ በሙሉ ጭራሮ ይላታል፤ እሷም ስሟን ስትጠየቅ «ጭራሮ» ብላ ነው የምትመልሰው።

ጋሼ መጋረጃ በመጀመሪያው የጉብኝት ሰዓት ይዘዋት ሄደው ነበር። ክፍሉ ብዙ ሕመምተኛ የሚተኛበት ነው። የእናትየው አልጋ ዙሪያውን በመጋረጃ ተከልሎ ነበር፤ ነርሷ ውስጥ ሆና እያገላበጠቻት ነው። ልክ ጭራሮ ስትደርስ ከውስጥ የሚያቃስት ድምፅ ወጣ። ልጅቷ ዞራ ሮጠች። ደረጃውን በምን ፍጥነት እንደወረደችው እንጃ፣ የያዟት ዘበኞቹ ናቸው።

ከዚያ ወዲያ ክፍሉ ውስጥ ለመግባት በጄ አላለችም።

«ውስጥ ያለችው እኮ እናትሽ ናት፣ የኔ እናት» ይሏታል አያቷ።

«አይደለችም። እማዬ እንደዛ አትጮህም። ውስጥ ያለው ሌላ ነው።»

ቁልፍ ሰሪው በዚህ ብዙ ቀልዷል። «የመጋረጃ ሰፊ የልጅ ልጅ መጋረጃ ፈራች! የኔዎቹ ቁልፍ ቢፈሩ ሱቄን ለማን አወርሰው ነበር?» ይላል። ጋሼ መጋረጃ ግን በየጉብኝቱ ሰዓት ልጅቷን ይዘው እስከ ኮሪደሩ ይሄዳሉ፤ ምግቡን ለነርሷ ይሰጡና ይመለሳሉ።

«አንተ ግን ለምን አትገባም?» አላቸው ቁልፍ ሰሪው አንድ ቀን።

«እሷን ለማን ትቼ?»

«እኔ ጋ ተዋት።»

«አንተ ጋ? ቁልፍ ትውጥብኛለች!»

አንድ ሰኞ ነርሷ ኮሪደሩ ላይ አስቆመቻቸው። ተራው ደርሷል፤ ቀዶ ጥገናው ሐሙስ ነው። ልጃቸው ግን፣ «ልጄን ሳላይ አልገባም። ካላመጣችሁልኝ ተራዬን ለሌላ ስጡ» ብላለች። «ጋሼ፣ ተራው ካለፈ እንደገና መቼ እንደሚገኝ አይታወቅም» አለቻቸው ነርሷ።

ጋሼ መጋረጃ የዚያን ዕለት የማንንም ሥራ አልነኩም። ለሙሽሮች ሳሎን የታዘዘውን ሁሉ ወደ ጥግ ገፉት። ከቁርጥራጭ መጋረጃ መዳፍ የሚያካክሉ ቁራጮችን ቆርጠው፣ በየአንዳንዱ ላይ ከነጭ ገበር የተቀደደች፣ አንድ ጆሮዋ ጥቁር የሆነች ድመት ሰፉበት። ታሪኩን በጭንቅላታቸው ጨርሰውታል። መጀመሪያ ድመቷ ሱቁ በር ላይ ፀሐይ እየሞቀች እናቷን ትናፍቃለች። ቀጥሎ በግራጫው መጋረጃ ዝናብ ውስጥ ትገባለች፣ ከዚያ በአረንጓዴው ጫካ፣ ከዚያ በሰማያዊው ባሕር። ብዙ ደክማ፣ መጨረሻ ላይ ቡናማውን ስትገልጥ እናቷ ሙቅ ቦታ ተኝታ ታገኛታለች። ጨርቆቹን በቅደም ተከተል፣ የመጀመሪያውን ከላይ አድርገው ደረደሩና ለልጅቷ የጨርቅ መጽሐፍ እንዲሆን ዳራቸውን በመኪና ገጠሙት።

ይህን ስህተት መጋረጃ ሰፊ ብቻ ነው የሚሠራው። ጋሼ መጋረጃ ዕድሜ ልካቸውን ጨርቅ የሚሰፉት ፊቱን ወደ ታች ደፍተው ነው። መጽሐፉንም እንደዚያው ደፍተው ሰፉት። ጨርሰው ሲገለብጡት የመጨረሻው ገጽ ከላይ፣ የመጀመሪያው ከታች ሆኖ አረፈ።

«ወይ ጉድ!» አሉና ስፌቱን ሊፈቱት መርፌ አነሱ። ጭራሮ ግን ቀድማ ነጠቀቻቸው።

«ስጪኝ፣ ተበላሽቷል። ታሪኩ የኋሊት ሆኗል።»

«አልተበላሸም» አለች። ቡናማውን ገለጥ አደረገችው። «እቺ እመቤት ናት። እቺ የተኛችው ማናት?»

«እናቷ።»

«መጀመሪያውኑ አገኘቻት?» ሳቀች። ወደ ሰማያዊው ገለበጠች። «ከዛ ባሕር ሄዱ። ከዛ ጫካ። ከዛ ዝናብ መታቸው...» የመጨረሻውን ገጽ አየችው፤ ሱቁ አለ፣ ቢጫ ፀሐይ አለ። «ከዛ ቤታቸው መጡ!»

ጋሼ መጋረጃ መርፌውን እንደያዙ ቀሩ። እሳቸው ያሰቡት ታሪክ የሚያልቀው ከመጋረጃው ጀርባ ነበር። የልጅቷ ግን ከዚያ ይጀምራል።

«አባባ።»

«አቤት።»

«ባሕሩ ላይ አንድ ድመት ብቻ ነው ያለው። እናቷን የት ጣልካት?»

«እ... ረስቻት ነው።»

«እናት ይረሳል እንዴ? ስፋት። ጫካውም ላይ፣ ዝናቡም ላይ፣ ቤቱም ላይ።»

«እሺ እመቤቴ።»

«እመቤት እሷ ናት፤ እኔ ጭራሮ ነኝ።»

ማክሰኞን ሙሉ እናት ድመት ሲሰፉ ዋሉ። ቁልፍ ሰሪው በሩ ላይ ቆሞ፣ «ሙሽሮቹ መጥተው ሳሎናቸው ውስጥ ድመት ቢሰቀልላቸው ምን ይላሉ?» እያለ ሲያሾፍ፣ ጭራሮ ከመኪናው ሥር ሆና አንድ በአንድ ትቆጣጠራለች። እዚህ ጋ ጭራዋ አጠረ፣ እዚህ ጋ እናትየው ኮስተር ብላለች፣ ትንሽ ፈገግ ትበል። ሁሉም ሲያልቅ መጽሐፉን አያቷ ጭን ላይ አስቀመጠች።

«እማዬ አላየችውም» አለች።

«በነርሷ እንላክላት?»

«ነርሷ እኮ ከየት እንደሚጀመር አታውቅም!»

ረቡዕ ሦስቱም ሄዱ፤ ቁልፍ ሰሪው ሱቁን ዘግቶ «ለመሸኘት ነው» ብሎ ተከትሏቸው ነበር። ይህን ያየው እሱ ነው። አልጋው ዙሪያ መጋረጃው ተጋርዷል። የሆስፒታል መጋረጃ ነው፤ ታጥቦ ታጥቦ ቀለሙ የጠፋ፣ ጠርዙ የተተረተረ። ጭራሮ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። ከዚያ በአንድ እጇ ጨርቁን ይዛ ጎተተች። ትንሽ ተንቀሳቀሰና ከላይ ዘንጉ ላይ ተይዞ ቆመ።

«አባባ፣ ቀለበቱ ተያዘ።»

ጋሼ መጋረጃ ከኋላ ርቀው ግድግዳውን ተደግፈው ነበር። አልተንቀሳቀሱም።

«አባባ! አልደርስበትም እኮ!»

«ፊታቸው እንደዚያ ገበር ነጥቶ ነበር» አለኝ ቁልፍ ሰሪው። «ልገፋቸው ምንም አልቀረኝ።» በኋላ ግን መጡ። እጃቸውን ሰቅለው የተያዘውን ቀለበት በዚያ በጠነከረው አውራ ጣታቸው አላቀቁት። መጋረጃው ሸርተት ብሎ ተከፈተ። እናትየው ትራስ ተደግፋ መጋረጃውን መጋረጃውን ስታይ ነበር።

«እማዬ፣ ማቃሰት ትችያለሽ፣ ግን ስጨርስ ነው» አለች ጭራሮ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ወጥታም ቡናማውን ገጽ ገለጠች።

ሐሙስ ልጃቸው ተራዋን አላሳለፈችም።

እኔ ሱቁ የሄድኩት ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ ለመኝታ ቤቴ መስኮት መጋረጃ ላሰፋ ነው። ልጃቸው ምርኩዟን ወንበሩ ላይ አስደግፋ መጋረጃ ላይ ቀለበት ትሰካለች፤ ቶሎ ቶሎ እየተነሳች ትንሽ ትራመድና ትመለሳለች፣ ሐኪሙ እንዲህ አድርጊ ስላላት። ጭራሮ መሬት ላይ ተቀምጣ መጽሐፉን ለድመቷ ታነባለች። የገጾቹ ጠርዝ በእጅ ብዛት ጠቁሯል። እመቤት ለመስማት ፈቃደኛ አልነበረችም፤ ታሪኩ መሃል ላይ ተነስታ በሰማያዊው ገባች። ስትወጣ እግሮቿን አራገፈች።

«ቧንቧው አልተሠራም እንዴ?» አልኩ።

«ከተሠራ ከረመ» አሉ ጋሼ መጋረጃ። «እሷ ግን አሁንም ከባሕር ነው የምትመጣው።»

ቁልፍ ሰሪው ቀደም ብሎ ያወራኝን ሁሉ ሳልነግራቸው መሄድ ከበደኝ። እንደምጽፈውም ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ «ከጻፍከው አይቀር ድመቷን አሳምራት» ብቻ ነው ያሉት። ያ አበረታታኝ መሰለኝ፣ ልጃቸው እንዳትሰማ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ሳብሰለስለው የከረምኩትን ጠየቅኳቸው፤

«ጋሼ፣ ጭራሮስ ልጅ ናት። እርስዎ ግን ያን ሁሉ ቀን ኮሪደሩ ላይ የቆሙት፣ ከመጋረጃው ጀርባ ምን ያለ መስሎዎት ነው?»

የስፌት መኪናው መንኮራኩር ላይ እጃቸውን አሳርፈው ልጃቸው ስትራመድ አዩዋት። እስከ በሩ ሄዳ እስክትመለስ ድረስ ዓይናቸውን አላነሱም። ከዚያ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ወደ እኔ ዞሩ።

«የመስኮትህን ቁመት ለክተህ መጥተሃል?» አሉኝ።