ሁለቱ ሞገዶች የሚቋጠሩበት

የአርኖ ደሴቷ ኤምሌን ባሕርን የተማረችው በጀርባዋ ነው። ከእናቷ ወንድም ከሽማግሌው ላጄን ጋር ትወጣና ታንኳው ሆድ ውስጥ ተንጋላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ሞገዱ ከሥር ሲገፋት ታዳምጣለች። ሞተር ጀልባ ያላቸው የሰፈሯ ጎረምሶች «ኤምሌን እንቅልፍ ልትማር ሄደች!» እያሉ ቢያላግጡባትም ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ኖረች።

ትልቁ ሞገድ ደሴት ሲመታ ይታጠፍና ከሌላ ወገን ከሚመጣው ጋር ይጋጫል። የሚጋጩበትን ቦታ ቋጠሮ ይሉታል፤ ቋጠሮውን ያገኘ ሰው ደሴቱን ባያይም መንገዱን አገኘ። ላጄን «ወደ አውር ደሴት ስትሄጂ ቋጠሮውን በግራ ፈልጊ» ይላል። አባቱ እንዲህ ብሎ አስተምሮታል።

ጭንቁ ኤምሌን በግራ በኩል ምንም አግኝታ አለማወቋ ነው። ሁልጊዜ የሚነካት በቀኝ ነው። ይህንን ለማንም ሳትተነፍስ በሆዷ ይዛ ከረመች። በአገሯ ደንብ መምህሩ «ምሪ» ሳይል ማንም ታንኳ አይመራም፤ ላጄን ተቀይሞ ቢያባርራት የስንት ዓመት ልፋቷን ውኃ በላው።

የፈተናዋ ቀን ወደ አውር ወጡ። አርኖ ከኋላቸው ጠፋ፤ ከፊታቸውም ባዶ ውኃ ብቻ ሆነ።

«ተንጋለይ» አላት ላጄን መቅዘፊያውን ይዞ። «ቋጠሮው ወዴት ነው?»

«በግራ» ብትል ያልፋል። እንደ ወትሮው ማታ ወደ የብስ የሚመለሱትን ወፎች ተከትለው፣ መሽቶም ቢሆን ይደርሳሉ። ሞገዱ ግን እንደ ባለጌ ልጅ ክርን ቀኝ ጎኗን ይጎሽማታል። ፈራች፤ መዋሸቱን ግን አልቻለችም።

«በቀኝ ነው፣ አጎቴ።»

«አባቴ ውሸታም ነው በይኛ!»

«ኧረ አልወጣኝም! ግን አውር ሁልጊዜ አምሽተው የሚደርሱት ለምንድን ነው?»

«ነፋሱ ነዋ!»

«ሁልጊዜ ነፋሱ?» አለች። «ከፈለጉ ይቆጡኝ፤ መጀመሪያ ግን እርስዎም ይንጋለሉ።»

«አንቺ ደፋር! እኔን ነው የምታስተኚው?» ላጄን እያጉረመረመ መቅዘፊያውን አስረከባትና ጉልበቱን እያቃሰተ ተንጋለለ።

ብዙ ቆየ። እንቅልፍ የወሰደው መስሏት ነበር።

«ያን ቀን» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «አባቴ ሲያስተምረኝ የሌላ ጎሳ ሰዎች አጠገባችን መረብ ይጠግኑ ነበር። የባሕር መንገድ የጎሳ ምሥጢር ነው፤ ባዕድ እየሰማ እውነቱ አይነገርም፤ ይገለበጣል። ‹ቤት ስንገባ አቃናልሃለሁ› አለኝ። ሳያቃናልኝ ሞተ።»

«እርስዎስ ካስተማረዎት ውስጥ የትኛውን እንደገለበጠ አላወቁም?»

«በምን ልወቅ? የአባቴን ቃል አምኜ ባሕሩን ሳልጠይቀው አረጀሁ።»

አንጀቷን በላት። ወዲያው ግን ሽማግሌው መሳቅ ጀመረ፤ ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ፣ ዕንባው በጆሮ ግንዱ እስኪወርድ ሳቀ።

«አባቴ ገለበጠው፤ እኔም እንደተገለበጠ ተሸከምኩት። ይኸው፣ ሞገዱ እቴ! ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ይሰማኛል፣ ኤምሌን! በቀኝ ነው!»

ወደ ቀኝ አዞረች። ፀሐይዋ ገና ከፍ እንዳለች የአውር የኮኮናት ዛፎች ብቅ አሉ። የአውር ሽማግሌዎችም ታንኳውን ለመጎተት ውኃው ውስጥ ገቡ።

«ላጄን! ዛሬ ምን ነካህ? በብርሃን መጣህ!» ብለው ተሳለቁበት።

ላጄን ኩሩ ሰው ነው፤ ኤምሌን ነፋሱን የሚያመሰግን መስሏት ነበር። እሱ ግን ሁሉም እስኪሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«እኔ ተሳፋሪ ነኝ» አለ። «መሪዋን ጠይቋት።»

ኤምሌን ሸራውን የምትጠቀልል መስላ ፊቷን ደበቀች።