ሦስት ድምፆች ይዤ ከአምበር ማዶ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ደብረ ማርቆስ

ከቤት ስወጣ የኅዳር ውርጭ በአጥሩ ቆርቆሮ ላይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ትከሻዬ ላይ በነጠላ የጠቀለልኩት ረጅም ዕቃ አለ። ከሩቅ ጃንጥላ ይመስላል፤ ጫፉ ግን እንደ ትንሽ ሰፌድ ክብ ነው። የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ነው። የምሠራበት ላብራቶሪ ከመሬት በታች የተቀበሩ የውኃ ቱቦዎችን ለማግኘት ይጠቀምበታል። በደብዳቤ ለሁለት ቀን ተውሼዋለሁ። ዋናው ደብዳቤ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ቅጂው ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ነው።

የጉዞዬ ምክንያት አከራዬ እትዬ ስንዱ ናቸው። ወንድማቸው የኔታ ላቀው ከአምበር ወዲያ ባለ አንድ የገጠር ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ያስተማሩ መሪጌታ ናቸው። ከመምህራቸው የወረሱት የብር ጸናጽል ነበራቸው። ሌቦች የቤተ ክርስቲያን ዕቃ በሚዘርፉበት ዘመን በፍየል ቆዳ ጠቅልለው ጎጆአቸው ውስጥ ቀበሩት። ቆይቶ በአንድ በጋ የተማሪ ጎጆዎቹ በሙሉ ተቃጠሉ። ቦታው ላይ ባሕር ዛፍ ተተከለ፤ የየኔታ ጎጆ የት ላይ እንደነበረ የሚያስታውስ ጠፋ። አሁን ባሕር ዛፉ ተቆርጦ ቦታው ለአዳራሽ ተሰጥቷል። ሰኞ ገረጋንቲ ይደፋበታል። ነገ እሑድ ደግሞ የኔታ የመምህርነቱን ወንበር ለተማሪያቸው ያስረክባሉ፤ ጸናጽሉም በእነርሱ ዘንድ ከወንበሩ ጋር ከመምህር ወደ መምህር የሚተላለፍ ነው።

«ላቀው ባዶ እጁን ወንበር ከሚያስረክብ ባይነጋ ይመርጣል» አሉኝ እትዬ ስንዱ። ከጣታቸው የብር ቀለበታቸውን አውልቀውም «ለመሞከሪያ ይሁንሽ» ብለው ሰጡኝ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ድምፅ ስመርጥ ነበር። መሣሪያው ሁሉንም ብረት በአንድ ድምፅ ሊጠራ ይችላል፤ በሁለት፣ በሦስት፣ ወይም በብዙ ድምፅም ሊጠራ ይችላል። ብዙውን ስሞክረው ሠርግ ቤት ሆነብኝ። በመጨረሻ በሦስት ወሰንኩ። ምስማር ሲያገኝ እንደ ጥንዚዛ ወፍራም፣ ናስ ሲያገኝ መካከለኛ፣ ብር ሲያገኝ ቀጭንና ከፍ ያለ ድምፅ ያሰማል። የመሣሪያው ድምፅ ማጉያ ዝናብ ስላበላሸው የሚሰማው በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነው። የእትዬ ስንዱ ቀለበት በጆሮዬ ውስጥ እንደ መርፌ ጠርቶ ወጣ። ትክክል መረጥኩ ብዬ ተኛሁ።

አንድ ሰዓት ተኩል፤ መንገድ ላይ

ሚኒባሱ ሳይሞላ አይነሳም፤ ሲሞላም አንድ ሰው ይጨመራል። ረዳቱ ዕቃዬን በዓይኑ ለካና የአንድ ሰው ሒሳብ አስከፈለኝ። መከራከር አይሆንልኝም።

ፍተሻ ላይ ሁላችንም ወረድን። ፈታሹ በእጁ አጭር መፈተሻ ይዟል፤ ወደ እኔ ሲያስጠጋው ጮኸ። ነጠላውን ፈታሁ። ደብዳቤውን እስከ ማኅተሙ አነበበ።

«እኛም ፈታሽ፣ አንቺም ፈታሽ!» ብሎ ሳቀ። «የኔ አንድ ድምፅ ነው ያለው። ቀበቶም ይሁን ቁልፍ ያው ጢጥ ነው። ያንቺስ?»

«ሦስት» አልኩ።

«ምን?»

«ሦስት።»

«ኧረ እህቴ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ! ለራስሽ ነው እንዴ የምታወሪው?»

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም እየቀላሁ ሳቅሁ። ይህን ምክር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ።

ሁለት ሰዓት ተኩል፤ ከአምበር ወደ ደብሩ

አምበር ላይ ባጃጅ ያዝኩ። ግራና ቀኙ ጤፍ ነው፤ ገና ያልታጨደው ነፋስ በነካው ቁጥር እንደ ውኃ ይተኛል፣ ይነሳል። በስተሰሜን የጮቄ ተራራ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ባለ ባጃጁ በመስታወቱ ያየኛል።

«የወርቅ ማሽን ናት አይደል? ካገኘሽ ጎማ ግዢልኝ፤ ሌላ አልጠይቅሽም።»

ወንዙ ጋ አወረደኝ። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ከማዶ ዲያቆን ይትባረክ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ወንበሩን ነገ የሚረከበው እሱ ነው። ዕድሜው ወደ ሠላሳ ይጠጋል፣ ቀጭን ነው፤ ድምፁ ግን የበሬ ያህል ወፍራም ነው። ተሻግሮ መጣና መሣሪያውን ተቀብሎኝ እንደ ሕፃን አቅፎ አሻገረው።

አራት ሰዓት፤ ደብሩ

የደብሩ አስተዳዳሪ ቄሰ ገበዝ አድማሱ ጭራቸውን እያወዛወዙ ተቀበሉኝ።

«ልጄ፣ ወርቅ ፈላጊዎች እየመጡ መቃብር ሲቆፍሩ አይተናል። አንቺን አንጠረጥርሽም፤ መሣሪያሽን ግን እንጠረጥረዋለን። ስለዚህ የሚይዙት የኔታ፣ የሚሰሙትም የኔታ ናቸው። እርሳቸው 'እዚህ' ያሉት ይቆፈራል። ከዚያ ውጪ አንድ ጉድጓድ አይከፈትም።»

«እሺ አባቴ» አልኩ። ፍትሐዊ መስሎ ታየኝ፤ እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ኃላፊነቱ ከእኔ ወረደ።

የኔታ ላቀው ከአንድ ትልቅ ጽድ ሥር አጎዛ ላይ ተቀምጠው ያስተምራሉ። አጭር፣ ነጭ ጺማም፣ ጣታቸው የማያርፍ ሰው ናቸው፤ ዜማው ሲወጣ ጣታቸው ይወጣል፣ ሲወርድ ይወርዳል። አንድ ነገር አስገረመኝ። ተማሪዎቹ እርስ በርስ ሲያወሩ እንደማንኛውም ሰው ናቸው፤ ወደ የኔታ ሲዞሩ ግን ሁሉም፣ ትንንሾቹም ሳይቀሩ፣ ድምፃቸውን ያወፍራሉ። የአካባቢው የአክብሮት ሥርዓት ይሆናል ብዬ እኔም አወፈርኩ።

ስለ ሦስቱ ድምፆች ነገርኳቸው።

«ሦስት? እኛም ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ አለን» አሉ በደስታ። «ይቺ ማሽን የት ወንበር ተምራ ነው?»

አምስት ሰዓት፤ የባሕር ዛፉ ጉቶዎች መሐል

የኔታ ማዳመጫውን በቆባቸው ላይ ደፍተው መሣሪያውን እንደ አጫጅ ከግራ ወደ ቀኝ እያወዛወዙ ይሄዳሉ። ከመሣሪያው ጋር ከተዋወቁ ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላም። እኔ ከጎናቸው ሆኜ በትንሿ መስኮት ላይ የሚወጣውን ቁጥር አያለሁ፤ ብረት ሲሆን ቁጥሩ ዝቅ ይላል፣ ብር ሲሆን ከሰማንያ ያልፋል።

«ብረት» ይላሉ፤ ሲቆፈር የተሰበረ ማረሻ ይወጣል። «ናስ» ይላሉ፤ የቁልፍ ስባሪ ይወጣል። አንድም አልተሳሳቱም። እኔ ይህን ያህል ለመለየት ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ሦስተኛው ጉቶ አጠገብ ቁጥሩ ሰማንያ አራት ላይ ወጣ። ብር ነው። የኔታ አለፉ። ተመልሰው መጡ፤ እንደገና ሰማንያ አራት። አለፉ።

«እዚህ ባዶ ነው» አሉ።

«አዎ የኔታ፣ ባዶ ነው» አሉ ተማሪዎቹ በወፍራሙ ድምፃቸው።

ማዳመጫው ተበላሽቶ ይሆን? ገመዱን ላየው ብዬ ተቀበልኳቸውና ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት። ቀጭኑ ድምፅ ጥርት ብሎ ይጮኻል። ያን ጊዜ ገባኝ። የተማሪዎቹም ድምፅ ለምን እንደሚወፍር ገባኝ።

የብዕሬን ክዳን ለምልክት ጉቶው ሥር ጣል አደረግኩ። በተማሪዎቻቸው ፊት ለዜማ መምህር «አልሰሙም» የሚል አፍ ከየት ይመጣል?

ስድስት ሰዓት፤ ምሳ

ጾም ነው። የተቀቀለ ድንች በአዋዜ ቀረበ። ድንቹ ዱቄት ነው፤ አፍ ውስጥ ይሟሟል። ዲያቆን ይትባረክ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ወንዙ ጋ ከልማድ ያወፈረው ድምፁ አሁን ቀጭን ነው።

«አውቀሽዋል አይደል?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ቀጭን ድምፅ መስማት ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ወፍራሙን ማንም አይቀድማቸውም። ዜማው ወደ ላይ ሲወጣ ግን ጣታቸው ይዘገያል፤ እኛም ጣታቸውን ጠብቀን እንወጣለን።»

«ለምን አትነግሯቸውም?»

«ማን ነው የሚነግራቸው? አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ?» ድንቹን ላጠ። «ጸናጽሉ ገረጋንቲ ሥር ይቅር። እርሳቸው ከሚያፍሩ እኔ ባዶ እጄን ልረከብ።»

ድንቼን ሳልጨርስ ተነሳሁ። እንዲህ ያለ ነገር አድርጌ አላውቅም፤ ወደ ጽዱ ሥር ሄጄ ሳልጠራ ተቀመጥኩ።

«የኔታ፣ ድምፆቹን የመረጥኳቸው እኔ ነኝ። ዜማ አላውቅም። እርስዎ ቢመርጡልኝ?»

ፊታቸው በራ። ማዳመጫውን አጠለቁ። የእትዬ ስንዱን ቀለበት ከክቡ ሥር አስቀምጬ ከላይኛው ጀመርኩ። ድምፁ እየጮኸ ነው፤ የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቃሉ።

«ጀምሪ እንጂ ልጄ።»

«ይቅርታ የኔታ፣ መሣሪያው ሰነፍ ነው።»

አንድ ደረጃ ዝቅ አደረግኩ። ጠበቁ። ደግሜ ዝቅ አደረግኩ። ጠበቁ። እኔ ቁጥሩን፣ እርሳቸው ዝምታውን እየያዝን ወረድን። ከምስማሩ ድምፅ ጥቂት ከፍ ብሎ ሲደርስ ግንባራቸው ተፈታ።

«ይሄ! ይሄ ድምፅ ነው» አሉና ያንኑ በአፋቸው አንጎራጎሩት። የራሳቸው የንግግር ድምፅ ከፍታ ነበር።

ግን የምስማሩና የብሩ ድምፅ ተቀራረቡ። ምስማሩን ጭራሽ ዝም ባሰኘው፣ ከብሩ አጠገብ ምስማር ቢኖር ብሩንም አብሬ እንዳልሸሽገው ፈራሁ። ስለዚህ የምስማሩን ድምፅ እስከ ታች አውርጄ አደከምኩት፤ ናሱን ዝም አሰኘሁት። የመረጥኩት ምርጫ በየትኛውም መመሪያ ላይ አልተጻፈም።

ሰባት ሰዓት ተኩል

ከመጀመሪያው መስመር ጀመሩ። ሦስተኛው ጉቶ ጋ ሲደርሱ ቁጥሩ እንደገና ሰማንያ አራት ላይ ወጣ። የኔታ ቆሙ። መሣሪያውን አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ አወዛወዙ። ከዚያ ሳይናገሩ በጣታቸው ወደ መሬት አመለከቱ። የብዕሬ ክዳን ከጣታቸው አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ነበር።

ይትባረክ ቆፈረ። ክንድ ያህል ሲወርድ የበሰበሰ ቆዳ ወጣ፤ ቆዳው ውስጥ እንደ ከሰል የጠቆረ ጸናጽል። ቄሰ ገበዝ ጭራቸውን ጥለው እልል አሉ።

የኔታ በነጠላቸው ጠርገው አንድ ጊዜ ነቀነቁት። መጀመሪያ አፈር ረገፈ። ሁለተኛ ሲነቀንቁት ቀጭን፣ የጠራ ድምፅ ጉቶዎቹን አልፎ ሄደ። ሁላችንም ሰማነው።

«ድምፁ እንዴት ነው?» አሉ የኔታ።

ተማሪዎቹ ወደ ይትባረክ ዞሩ። ይትባረክ ድምፁን አወፈረ።

«እንደ ድሮው ነው የኔታ።»

«አንተ ድሮውን የት ታውቀዋለህና!»

ሳቅ ሆነ። እርሳቸውም ሳቁ፤ ከዚያ ጸናጽሉን አገጫቸው ላይ አስደግፈው ደግመው ነቀነቁት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

«አጥንቴ ሰማው። ጆሮዬ ግን አልሰማውም» አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። «ማሽንሽ ሰነፍ አይደለችም፤ አይደል?»

«አይደለችም የኔታ።»

«እናንተስ!» አሉ ወደ ተማሪዎቹ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ጉንፋን የማይለቃቸው ደቀ መዛሙርት አሉኝ ብዬ ዝም አልኩ። እናንተ ለእኔ አፈራችሁ፣ እኔ ለራሴ ፈራሁ። ዛሬ ይብቃ።» ጸናጽሉን ለይትባረክ አቀበሉት። «ነገ ለሕዝቡ እኔው እናገራለሁ። ከእንግዲህ የላይኛውን አንተ አርም፤ የታችኛውን እኔ አለሁ።»

ይትባረክ ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ሳመ። ተማሪዎቹ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔ መሣሪያውን አጥፍቼ በነጠላዬ ጠቀለልኩት።

እሑድ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት፤ ደብረ ማርቆስ

ዛሬ ጠዋት በሕዝቡ ፊት ተናገሩት፤ ሳያስረዝሙ፣ ሳያለቅሱ። አዲሱ መምህር ጸናጽሉን ይዞ ሲያዜም የኔታ ከጎኑ ቆመው መዳፋቸውን ከበሮው ላይ አሳርፈው ነበር። ዜማው ወደ ላይ ሲወጣ ጣታቸው አልተነሳም፤ የይትባረክ ጣት ተነሳ፣ እርሳቸውም አይተውት ራሳቸውን በእርካታ ነቀነቁ። ቄሰ ገበዝ ጉድጓዱን ራሳቸው አስደፍነው እስከ ወንዙ ሸኙኝ።

እትዬ ስንዱ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ቀለበታቸውን መለስኩላቸው። ስለ ወንድማቸው ጆሮ ግን ምን ያህል ያውቁ ይሆን እያልኩ ቃል መረጥኩ።

«ተገኘ» አልኩ። «የኔታ ራሳቸው ሰምተው አገኙት።»

እትዬ ስንዱ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። ከዚያ ፊቴን ትኩር ብለው አዩ።

«ምነው ልጄ፣ ድምፅሽ ወፈረ? ጉንፋን ያዘሽ እንዴ?»