ከፎቶው ጠርዝ ያለችው ሴት

ዌስትላንድስ በሚባለው ሰፈር ባለው የካሜራ ክለባችን ወርሃዊ ውድድር ላይ ሁልጊዜ የኋላ ወንበር የሚመርጥ ሰው ነበር። የጥበቃ ዩኒፎርሙን በአሮጌ ኮት ሸፍኖ፣ በፊልም ያነሳትን አንዲት የወፍ ፎቶ በካኪ ፖስታ ይዞ ይመጣል። በሰው እግር መሃል ሲያልፍ "ሳማሃኒ፣ ሳማሃኒ" እያለ በስዋሂሊ ይቅርታ ይጠይቃል። ዳኛው ዝቅተኛ ነጥብ ሲሰጠው ፈገግ ብሎ ያጨበጭባል።

ባለፈው ቅዳሜ ዳኛው የአንዱን አባል ፎቶ ሰሌዳው ላይ ሰቀለ። የሞያሌ ገበያ ነው። መሃሉ ላይ ግመሎች ቆመዋል፤ ጠርዙ ላይ ከወገቧ በላይ ብቻ የምትታይ ቲማቲም ሻጭ አለች።

"ጥሩ ነው። ይህቺ ሴት ግን ዓይናችንን ከግመሎቹ ላይ ትወስድብናለች፤ ቆርጠህ አውጣት" አለው በእንግሊዝኛ።

ከኋላ ያ ሰውዬ ብድግ ሲል ወንበሩ ተገለበጠ።

"አትቁረጧት!" ብሎ ጮኸ፣ በአማርኛ።

ክው አልኩ። ሐበሻ መሆኑን ያወቅኩት ገና ያኔ ነው። ሄጄ ክንዱን ያዝኩት።

"እህቴ ናት! ሞተች ብለውን ተዝካሯን ካወጣን ስድስት ዓመታችን!" ስዋሂሊው ሁሉ ጠፍቶበታል። "ወንድሜ፣ ያነሳትን ሰው ጠይቅልኝ፤ ጫማ አድርጋለች? ድንበሩ ላይ ስንለያይ ባዶ እግሯን ነበረች።"

ጠየቅኩለት። ፎቶ አንሺው ፎቶውን ከሰሌዳው አውርዶ ሰጠው።

"ያነሳኋት ባለፈው ወር ነው" አለ አንገቱን ደፍቶ። "እግሯን ግን አላየሁም።"

ተረጎምኩለት። ሰውዬው ፎቶውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ በሩ አመራ።

"ግድ የለም፣ እኔው ሄጄ አያለሁ" አለኝ።