በነፃ ሄዶ በነፃ የተመለሰ ጋቢ

የዚያን ቅዳሜ ጧት ሸማ ተራ ባለችው ጠባብ ሱቅ ውስጥ ከእኔ ሌላ አራት ሰዎች ነበሩ። ባለሱቋ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጣ የነጠላ ጥለት ትመረምራለች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ስትጠብቅ የቆየችው ልጇ በሩ አጠገብ፣ ብርሃን ባለበት፣ ጋቢ ዘርግታ በስልኳ ፎቶ ታነሳለች። ሽማግሌው ሸማኔ ከሽሮ ሜዳ ያመጡትን ሥራ አስረክበው አግዳሚ ወንበሩ ላይ አረፍ ብለዋል። የሱቁን ዕቃ የሚያመላልሰው ተሸካሚ፣ ከወሎ የመጣ ጎልማሳ፣ ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ ደፉ ላይ ቆሟል። እኔ ጥጉ ላይ መጽሐፍ ይዤ ነበርሁ።

የባለሱቋ ሟች ባል የትምህርት ቤት ባልንጀራዬ ነበር። ከማስተማር ሥራዬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከመሳለሚያ በእግሬ ተነሥቼ እዚያ ጥግ መቀመጥን ልማድ አድርጌዋለሁ። ብዙ አልናገርም፤ እነሱም ብዙ እንድናገር አይጠብቁም። ስምምነቱ ለሁላችንም ተመችቶ ነበር።

ባለሱቋ የምትፈራው አንድ ነገር ነበር። እኚህ ሸማኔ ለሌላ ሱቅ መሥራት እንዳይጀምሩ ትፈራለች። የእሳቸው ጋቢ በመዳፍ ሲዳሰስ ይታወቃል፤ የቆዩ ደንበኞች ሱቁን የሚያውቁት በባለቤቱ ስም ሳይሆን «የሽማግሌው ጋቢ ያለበት» በሚል ነው። ባሏ የሞተ ጊዜ ከተራው ሌሎች ነጋዴዎች ለሸማኔው መልእክት ልከውላቸው እንደ ነበር አውቃለሁ። አልሄዱም። ለምን እንዳልሄዱም ተናግረው አያውቁም።

በዚያ ሱቅ ከባልየው ዘመን የቆየ አንድ ሥርዓት ነበር። ሸማ ላይ ጉድለት ሲገኝ ሸማኔው በቃል አይወቀስም። ሸማው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተዘርግቶ ይጠብቀዋል። ሸማኔው ያየዋል፣ አጥፎ ይወስደዋል፣ በምትኩም ዋጋ ሳይጠይቅ ሌላ ሠርቶ ያመጣል። ስለ ነገሩ አንድም ቃል አይነሣም። ለሌሎች ሸማኔዎች ሲዘረጋ አይቻለሁ፤ ለሽማግሌው ግን፣ እኔ እዚያ በተቀመጥሁበት ዘመን ሁሉ፣ ተዘርግቶ አያውቅም።

ወደ ቅዳሜዋ ልመለስ። ልጅቷ ፎቶዋን አንሥታ ስትጨርስ ወደ እናቷ ዞረች።

«እማዬ፣ አሁን ማን ነው መርካቶ ድረስ ተጋፍቶ የሚመጣ? በስልኬ የሽያጭ ቻናል ከፍቼ ልልቀቀው። በነፃ እናድርስላቸው።»

«የሚያደርሰው ሞተረኛ በነፃ ይሄዳል እንዴ?»

«ዋጋው ውስጥ እናስገባዋለን። ማን ያውቃል?»

ተሸካሚው ከደፉ ላይ ሆኖ፣ «እኔንስ ዋጋው ውስጥ አታስገቢኝም?» አላት።

«አንተ መጀመሪያ ሞተር ግዛ።»

«የኔ ጀርባ ቤንዚን አይጠጣም፤ እሱን ጻፊላቸው።»

ሸማኔው ሳቁ። ባለሱቋም ሳቀች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አለችኝ። ንግድ እንደማላውቅ ነገርኋት። እውነት ነበር።

ቻናሉ ተከፈተ። ሌሎች ሻጮች በነፃ ማድረስ ብቻ ሳይሆን ያልተወደደ ዕቃ በነፃ መልሶ መውሰድም ጀምረው ስለ ነበር ልጅቷ ይህንንም ጨመረችበት። ትእዛዙ እንደታሰበው መጣ፤ እንዲያውም ከታሰበው በላይ። ከሁሉ በፊት የሚታዘዘው የሽማግሌው ጋቢ ነበር፤ በፎቶም ቢሆን ከሌላው ይለያል። ባለሱቋ በእነዚያ ሳምንታት ፊቷ ፈክቶ አየኋት፤ ሥራ ከበዛላቸው ሸማኔው የትም አይሄዱም ብላ አስባ ነበርና።

ነፃ ማድረስ የሚባለውን እኔም በራሴ ላይ ሞክሬዋለሁ። ከሌላ ሻጭ አንድ የማንበቢያ መብራት በስልክ ላዝዝ ስል፣ ሁለት ለሚገዛ በነፃ እንደሚያደርሱ ተጽፎ አነበብሁ። ሁለት ገዛሁ። ቤቴ አንድ ጠረጴዛ ነው ያለው። ሁለተኛው መብራት እስከ ዛሬ ካርቶኑ ውስጥ ነው፤ የማድረሻውን ዋጋ የከፈልሁት በእሱ መሆኑን ለመረዳት ሒሳብ አዋቂ መሆን አላስፈለገኝም።

ሱቋ ውስጥ የመጀመሪያው ቅሬታ የመጣው በእግር ከሚመጣ ሰው ነበር። ሰባተኛ ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናት በየዓመቱ ለልጆቻቸው ከዚያች ሱቅ ይገዛሉ። ጋቢውን ዳሰሱ፣ ዋጋውን ጠየቁ፣ ሲነገራቸው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ድሩ ወርቅ ሆነ እንዴ?»

«አይ እትዬ፣ ቤት ድረስ የምናደርስበት አብሮ ተደምሮ ነው» አለች ልጅቷ።

«እኔ በእግሬ መጥቼ የለም እንዴ?»

«ዋጋው ለሁሉም አንድ ነው። ሁለት ዓይነት ዋጋ ካወጣን ቻናሉ ላይ ይሰድቡናል።»

ሴትዮዋ፣ «እንግዲያው ጋቢውን እዚሁ ተዉት፤ እኔን ቤቴ አድርሱኝ» አሉ።

ተሸካሚው ወዲያው ጀርባውን አዙሮ ጎንበስ አለላቸው። ሱቁ በሳቅ ሞላ፤ እሳቸውም እየሳቁ ወጡ። ነገር ግን አልገዙም፤ ከዚያ ወዲህም እዚያ አላየኋቸውም። ለማይቀመጡበት ሞተር የሚከፍሉት በእግራቸው የሚመጡት መሆናቸውን ያን ቀን አስተዋልሁ። ማስተዋሌ ለማንም አልጠቀመም።

ተሸካሚው ብዙ አልቆየም። ሞተረኞች ጥቅሉን ከበር ተቀብለው ስለሚሄዱ እሱ የሚሸከመው እያነሰ ሄደ። አንድ ቅዳሜ ገመዱን ጠቅልሎ ይዞ፣ መሳለሚያ ሚኒባስ ላይ ዕቃ መጫን እንደ ጀመረ ነገረን። «ስትፈልጉኝ ቻናል ላይ ጻፉልኝ» ብሎ ባለሱቋን አስቆ ሄደ።

ከዚያ በዓል መጣ። በበዓሉ ሰሞን የሱቁ መደርደሪያ ባዶ ሆነ። ከበዓሉ ማግሥት ጀምሮ ደግሞ ሞተረኞቹ የወሰዱትን መመለስ ያዙ። እያንዳንዱ ጥቅል የተመለሰበትን ምክንያት የሚገልጽ መልእክት በልጅቷ ስልክ ይደርሳታል። አንዷ «ቀለሙ ፎቶው ላይ እንዳየሁት አይደለም» ብላ ጽፋ ነበር፤ ጋቢው ነጭ ነው። ሌላው አጠረኝ አለ፤ ሌላው ምንም አላለም። አዲስ ጋቢ ከሸማኔ እጅ ሲወጣ ደረቅ ማለት ልማዱ ነው። እነዚህ ግን ለስልሰው፣ የሰው ትከሻ ቅርጽ ይዘው ነበር የተመለሱት። ከአንዱ የሽቶ መዓዛ ይወጣል፤ የአንዱ ጫፍ ላይ የጠላ ጠብታ ደርቋል። ሰዎቹ ለበዓል ለብሰዋቸዋል፤ በዓሉ ሲያልፍ በነፃ መልሰዋቸዋል። የፈቀደላቸው ሱቁ ራሱ ስለ ነበር ወንጀል ልለው አልችልም።

በዚያው ሰሞን አንድ ቅዳሜ ባለሱቋ ለቅሶ ሄዳ ነበር። ሱቁ ውስጥ ልጅቷና እኔ ብቻ ነበርን። ልጅቷ መዓዛው እንዲወጣላቸው ብላ የተመለሱትን ጋቢዎች አንድ በአንድ ፈትታ፣ ከመደርደሪያው ሰፋ ያለ ቦታ ስላላገኘች አግዳሚ ወንበሩ ላይ ዘረጋቻቸው። የዘረጋችው አንዱን በአንዱ ላይ ነበር፤ ሁሉም የሽማግሌው እጅ ሥራዎች ናቸው። ሥርዓቱን አታውቀውም። እሷ ሱቅ መዋል ከጀመረች ወዲህ ጉድለት ያለበት ሸማ መጥቶ አያውቅምና የሚያሳያት አልነበረም። እኔ መጽሐፌ ላይ አቀርቅሬ ነበር። ቀና ስል ሸማኔው ደፉን አልፈው ገብተዋል፤ ወንበሩን እያዩ ቆመዋል።

ልጅቷ፣ «ይግቡ አባባ፣ ይቀመጡ» አለቻቸው። የሚቀመጡበት ቦታ እንዳልተወች ልብ አላለችም።

እሳቸው ከላይ ያለውን ጋቢ ጫፍ አንሥተው ወደ ብርሃኑ አደረጉት፣ አገላበጡት፤ ምንም ጉድለት አላገኙበትም። ሁለተኛውንም አዩ። ከዚያ ሁሉንም በሥርዓት ማጠፍ ጀመሩ።

ተነሥቼ፣ «ጉድለት ተገኝቶባቸው አይደለም፤ ሰዎች ለብሰው የመለሷቸው ናቸው» አልኋቸው።

«ሰው የወደደውን ይመልሳል እንዴ፣ መምህር?»

«መመለሱ በነፃ ስለ ሆነ ነው።»

የያዙትን ጋቢ አጥፈው ጨረሱ። «እኔ እጄን እንጂ ነፃውን አላውቅም» አሉ። ጋቢዎቹን በያዙት ማዳበሪያ ከተቱ። ልጅቷ ግራ ተጋብታ፣ «አባባ፣ የት ይወስዷቸዋል? እናቴ ሳትመጣ?» ስትላቸው፣ «እናትሽ ታውቃለች» ብለው ወጡ።

ባለሱቋ ከለቅሶው ስትመለስ የሆነውን ነገርናት። ነጠላዋን ሳታወልቅ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ልጇን አልተቆጣችም። በማግሥቱ ሽሮ ሜዳ ወጥታ እንደ ነበር በኋላ ሰማሁ። ሸማኔው በአክብሮት ተቀብለዋታል፣ ሰምተዋታል፣ አምነዋታልም። ነገር ግን የተዘረጋ ሸማ ሳይተካ አይቀርም ብለዋታል።

ከሳምንታት በኋላ ተክተውም መጡ። በወሰዷቸው ጋቢዎች ቁጥር ልክ አዲስ ጋቢዎች አምጥተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። ባለሱቋ ገንዘብ ልትሰጣቸው እጇን ብትዘረጋ አልተቀበሏትም።

«አባባ፣ ልጅ ናት፣ አላወቀችም።»

«አውቃለሁ እትዬ። እሷን አልተቀየምሁም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ይንገሩኝ።»

«ምንም አያድርጉ። እኔ የምሠራውን ሰው መርካቶ መጥቶ ዳስሶ ቢወስደው ነው የምወድደው። ዳስሶ የወሰደ አይመልስም።» እንዲሠሩበት የሰጠቻቸውን ድርና ማግ አራግፈው መለሱላት፤ ይህ የመለያየት ምልክት መሆኑን ለማወቅ የሸማ ተራ ሰው መሆን አያሻም። ለሌላ ሱቅ ይሠሩ እንደ ሆነ አልጠየቅሁም። በኋላ እንደሰማሁት ሥራቸው ከዚያው ተራ ከወዲያኛው ጫፍ ይሸጣል፤ እዚያ ሱቅ ውስጥ ማንም ምንም አያደርስም።

ባለሱቋ በነፃ ማድረሱንም መመለሱንም አስቆመች። የሚያዝዝ ሰው የማድረሻውን ለሞተረኛው ራሱ ይክፈል አለች። ትእዛዙ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጠፋ፤ ለካ የሚወደደው ጋቢው ብቻ አልነበረም። ልጅቷ ቦሌ አካባቢ ካለ አንድ ዕቃ አድራሽ ድርጅት ሥራ አገኘች፤ ስልክ ተቀብላ የሚያማርሩ ደንበኞችን ታነጋግራለች። እሑድ እሑድ እናቷን ትጠይቃለች፤ ሱቅ ግን አትመጣም።

ባለሱቋ የሽማግሌውን የመጨረሻ ጋቢዎች አልሸጠቻቸውም። ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ናቸው። የቆየ ደንበኛ መጥቶ «የሽማግሌው አለ?» ሲል፣ «የለም» ትላለች፤ እኔም መጽሐፌን እገልጣለሁ። አግዳሚ ወንበሩ ባዶ ስለ ሆነ አሁን ከጥጉ ወጥቼ እዚያ እንድቀመጥ ነግራኝ ነበር። አልተቀመጥሁበትም።

የዚያን ቅዳሜ ጧት አምስት ነበርን። አሁን ሁለት ነን።